የብሪታንያ ታሪክ ፈተና ልምምድ፦ ከሽምደዳ ወደ ማስረጃ

የሄንሪ ስምንተኛን ስድስት ሚስቶች በቅደም ተከተል የሚጠራ ተማሪ ብዙ ነው። የፈተናው ወረቀት ግን ስማቸውን አይጠይቅም። የሚጠይቀው ንጉሡ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ለምን እንደተለየ፣ መለየቱ ለተራው ሰው ምን እንደቀየረ፣ የቀረበው ደብዳቤ ወይም ሥዕል ይህን ለማወቅ ምን ያህል እንደሚረዳ ነው። ሽምደዳ እህሉን ያስገባል፤ መፍጨቱና መጋገሩ ግን ሌላ ሙያ ነው፣ የሚለመደውም በእጅ ነው።

ይህ መመሪያ በሳምንት አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ከ25 እስከ 40 ደቂቃ ለሚሠራ ተማሪ የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ የተመረጡት በእንግሊዝ በ16 ዓመት አካባቢ የሚወሰደውን ጂሲኤስኢ በማሰብ ነው፤ በዚያ ፈተና ቢያንስ 40 በመቶው የብሪታንያ ታሪክ መሆን አለበት። ከአገሩ ውጭ በብሪታንያ ሥርዓተ ትምህርት የሚማሩም ልምምዱን እንዳለ ሊወስዱት ይችላሉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

መምህራችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የፈተና ቦርዳችን፣ ማለትም ፈተናውን የሚያወጣው ድርጅት፣ የትኛው ነው? የተመረጡልን ርዕሶችስ የትኞቹ ናቸው? በእንግሊዝ በብዛት የሚያጋጥሙት ኤኪውኤ፣ ኤዴክሴልና ኦሲአር ናቸው፤ ስኮትላንድ የራሷ ሥርዓት አላት። ሁሉም ስለ ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ሊጠይቁ ይችላሉ፤ አጠያየቃቸው ግን አንድ አይደለም። ለምሳሌ በኤዴክሴል «ለምን እንደሆነ አብራራ» የሚለው የ12 ነጥብ ጥያቄ ከሥሩ ሁለት መነሻ ሐሳቦች ይዞ ይመጣል፣ የራሳችሁንም ጨምሩ ይላል። በሁለቱ ብቻ ሦስት ገጽ የጻፈ ተማሪ ምንም ቢያሳምር ከፍተኛውን ደረጃ አያገኝም፤ ሦስተኛው ሐሳብ ከራሱ መምጣት ነበረበት። ይህን ሳያውቁ በሌላ ቦርድ ወረቀት መለማመድ ጉልበት ማባከን ነው።

ከቦርዱ ድረ ገጽ አራት ነገር በነፃ ይገኛል፦ የትምህርቱ ዝርዝር፣ ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች፣ የነጥብ አሰጣጥ መመሪያና የፈታኞች ሪፖርት። ተማሪዎች ሦስቱን ያወርዱና አራተኛውን ይተዉታል። ነገር ግን ባለፈው ዓመት የተፈተኑት የት ላይ እንደወደቁ በግልጽ የተጻፈው እዚያ ነው።

ዕቃው ቀላል ነው፦ አንድ ባለመስመር ደብተር፣ አራት የኤ4 ወረቀት፣ ለእያንዳንዱ ርዕስ 15 ያህል ትንንሽ ካርድ፣ ሦስት ቀለም ስክሪፕቶና ሰዓት ቆጣሪ። ቆጣሪው የስልክ ባይሆን ይመረጣል፤ ስልክ ብቻውን አይመጣም።

አንደኛ፦ ዘመኑን በሴንቲሜትር ማየት

አራቱን ወረቀቶች አጭሩን ጎን ከአጭሩ ጎን እያገጠማችሁ በፕላስተር አያይዙ፤ 118 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ይወጣል። መሐሉ ላይ መስመር አስምሩና ለ10 ዓመት 1 ሴንቲሜትር ስጡ። ከ1050 እስከ 2050 ልክ 1 ሜትር ይሆናል። ከመስመሩ በላይ ነገሥታቱን አስገቡ፦ ኖርማኖች ከ1066፣ ቱዶሮች ከ1485፣ ስቱዋርቶች ከ1603፣ ጆርጆች ከ1714፣ ቪክቶሪያ ከ1837 እስከ 1901። ከመስመሩ በታች በአንድ ቀለም ወረርሽኞቹን አስገቡ፦ 1348 ጥቁሩ ሞት፣ 1665 የለንደን ታላቁ ወረርሽኝ፣ 1831 ኮሌራ። በሌላ ቀለም የምርጫ ሕጎቹን አስገቡ፦ 1832፣ 1867፣ 1884፣ 1918፣ 1928።

አሁን ማስመሪያ አንሱ። ከ1348 እስከ 1665 ድረስ 31.7 ሴንቲሜትር ነው። በዚያ ሁሉ ርዝመት ውስጥ ሰዎች ለወረርሽኙ የሚሰጡት ምክንያት እምብዛም አልተለወጠም፤ የእግዚአብሔር ቁጣ ወይም የተበከለ አየር ነው ይሉ ነበር። ከ1832 እስከ 1928 ግን 9.6 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ በዚህች አጭር ርቀት የመምረጥ መብት ንብረት ካላቸው ጥቂት ወንዶች ተነሥቶ ለአዋቂ ወንድም ሴትም እኩል ሆነ። «ለውጥና ቀጣይነት» የሚባለው ጥያቄ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ የቱ ቆመ፣ የቱ ሮጠ፣ ለምን? ወረቀቱ ላይ ያየ ተማሪ መልሱን ሲጽፍ «ከጊዜ ወደ ጊዜ ነገሮች ተሻሻሉ» አይልም።

ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፉት። በየሳምንቱ አንድ ጊዜ ንጹሕ መስመር አስምራችሁ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከአእምሮ ሙሉት። ከዚያ ከግድግዳው ጋር አስተያዩ። ከ10 ዓመት በላይ የተሳሳተውን ብቻ በቀይ ክበቡት፤ የሁለትና የሦስት ዓመት ስሕተት በዚህ ልምምድ አያስጨንቅ።

እዚህ ላይ ሦስት ወጥመዶች አሉ። የመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ነው፦ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማለት ከ1801 እስከ 1900 ነው፤ 1900ዎቹ አይደሉም። ሁለተኛው በእኛ ቤት ብቻ ያለ ነው፤ ዓመቱን ከአባት ወይም ከአያት የሰማ ልጅ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጽፈዋል። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ የሞቱት ለእኛ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ነው፤ በእንግሊዝ መጻሕፍት ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ነው። ከጃንዋሪ እስከ መስከረም መባቻ ያለው ልዩነት 8 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ዓመት ነው። ፈተና ላይ ሁልጊዜ የፈረንጁን ጻፉ።

ሦስተኛው የአገሩ ስም ነው። አማርኛ ሁሉንም «እንግሊዝ» ብሎ ይጠቀልለዋል፤ ፈታኙ ግን አይጠቀልለውም። በ1066 የተወረረችው እንግሊዝ ናት፣ ብሪታንያ የሚባል መንግሥት ገና አልነበረም። እንግሊዝና ስኮትላንድ ተዋሕደው ታላቋ ብሪታንያ የሆኑት በ1707 ነው፤ አየርላንድ የተጨመረችው በ1801፣ አብዛኛው ክፍሏ የወጣው በ1922 ነው። «በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዝ ተዋጋች» ብሎ መጻፍ ስኮቱንም ዌልሱንም አይሪሹንም ማጥፋት ነው። በግድግዳው ወረቀት ላይ 1707ን፣ 1801ንና 1922ን በወፍራሙ አስምሩባቸው።

ሁለተኛ፦ ካርዱ ጥያቄ ይሁን

ካርድ ላይ «ኤድዊን ቻድዊክ» ብሎ ጽፎ ከጀርባው ታሪኩን መገልበጥ አይጠቅምም። ፊቱ ላይ ጥያቄ ይግባ፦ «የ1848ቱ የሕዝብ ጤና ሕግ ለምን ጉልበት አጣ?» ጀርባው ላይ ሦስት መስመር ብቻ፦ አንድ ዓመት ወይም ቁጥር፣ አንድ ስም፣ አንድ «ታዲያ ምን ይሁን?»። ለዚህ ጥያቄ መልሱ፦ ሕጉ ለከተሞች በአብዛኛው ፈቃድ እንጂ ግዴታ አልነበረም፤ ግዴታ የሚሆነው የሞት መጠኑ በዓመት ከ1,000 ሰው ከ23 በላይ ሲሆን ነበር፤ ስለዚህ ግብር መክፈል ያልፈለጉ ከተሞች ዝም ብለው ተቀመጡ።

ካርዱን በ1ኛው፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ21ኛው ቀን መልሱ። ጀርባውን ከማየታችሁ በፊት መልሱን ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። በዓይን ብቻ ያነበበ ሰው «አውቀዋለሁ» ይላል፣ ባዶ ወረቀት ሲሰጠው ግን እጁ ይቆማል። ለአንድ ርዕስ ከ15 ካርድ በላይ መሥራትም ስሕተት ነው፤ ካርድ ማስዋቡ ራሱ ሥራ ይሆንና መለማመጃው ጊዜ ያልቃል።

ሦስተኛ፦ ምንጭን እንደ ምስክር መጠየቅ

ፈተናው ላይ «ሶርስ» የሚባለው በዘመኑ ወይም ለዘመኑ ቅርብ በሆነ ሰው የተሠራ ማንኛውም ነገር ነው፦ ደብዳቤ፣ ካርቱን፣ የፓርላማ ንግግር፣ ጥልፍ፣ የቆጠራ ቅጽ። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ «ለእገሌ ጥናት ምን ያህል ይጠቅማል?» ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ሥሩ።

1. ከምንጩ በላይ ወይም በታች ያለችውን የመግለጫ መስመር አስቀድማችሁ አንብቡ። 30 ሰከንድ ይበቃል። ማን ሠራው? መቼ? ለማን? ለምን?

2. ወደ ይዘቱ ግቡና ጥያቄውን የሚነኩ ሁለት ዝርዝሮች ብቻ አስምሩባቸው። ምንጩን በሌላ ቃል መልሶ መተረክ ነጥብ የለውም።

3. ከራሳችሁ ዕውቀት ሁለት ነገር አምጡ፦ አንዱ ምንጩን የሚደግፍ፣ ሌላው ምንጩ የዘለለውን የሚያሳይ።

4. ፍርዱን ከተጠየቀው ጥናት ጋር አያይዙ። «ይጠቅማል» ብቻ አይበቃም፤ ለምን ጥያቄ?

በባዩ ጥልፍ እንሞክረው። ርዝመቱ 70 ሜትር ያህል የሆነ፣ በበፍታ ላይ በሱፍ ክር የተጠለፈ የ1066 ወረራ ታሪክ ነው። ሊቃውንቱ በአብዛኛው ያሠራው የድል አድራጊው ዊልያም በእናት ወንድም የሆነው ጳጳስ ኦዶ ነው፣ የተሠራውም በእንግሊዝ ነው ይላሉ። በኋላ የእንግሊዝ ንጉሥ የሆነው ሃሮልድ በቅዱሳን ዐፅም ላይ እጁን ጭኖ ለዊልያም ሲምል ያሳያል፤ እንግዲህ ሃሮልድ ዙፋኑን ሲይዝ መሐላ አፍራሽ ሆነ ማለት ነው። ከራሳችሁ ዕውቀት ስትጨምሩ፦ ጥልፉ በስታምፎርድ ብሪጅ በሴፕቴምበር 25 የተደረገውን ጦርነት አያሳይም። ሃሮልድ የኖርዌዩን ንጉሥ እዚያ በሰሜን ድል አድርጎ ሠራዊቱን ይዞ ወደ ደቡብ መገስገሱን ያልሰማ ተመልካች፣ ኦክቶበር 14 ቀን ሄስቲንግስ ላይ የተሸነፈው ሠራዊት ምን ያህል ደክሞ እንደነበር አያውቅም። ለአሸናፊው የሚመች ዝምታ ነው።

ደካማው መልስ እንዲህ ይላል፦ «ጥልፉን ያሠራው የዊልያም ወንድም ስለሆነ ያዳላል፤ ስለዚህ አይጠቅምም።» በምንጭ ጥያቄ ላይ ከሚሠሩት ስሕተቶች ሁሉ የተለመደው ይህ ነው። ማዳላት መረጃ ነው። የተሻለው መልስ፦ «በጦርነቱ ዕለት የሆነውን ለማወቅ በጥንቃቄ የሚያዝ ነው፤ ምክንያቱም የስታምፎርድ ብሪጅን ጦርነት ዘሏል። ኖርማኖች ወረራቸውን በምን ምክንያት ትክክል እንዳደረጉት ለማወቅ ግን እጅግ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም መሐላውን የታሪኩ መሠረት አድርጎታል።» አንዱ ምንጭ ለአንዱ ጥያቄ ደካማ፣ ለሌላው ብርቱ ይሆናል። ዜና መዋዕል የጻፉልንን ደብተራዎች የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ጸሐፊው የሚያወድሰው ጌታው ስለሆነ ዜና መዋዕሉን አንጥልም፣ ቤተ መንግሥቱ እንዴት መታየት እንደፈለገ እናነብበታለን እንጂ።

ስለ ሃሮልድ ዓይንና ስለ ፍላጻው አንድ ነገር እንጨምር። «ጥልፉ ሃሮልድ ዓይኑን ተወግቶ መሞቱን ያረጋግጣል» ብላችሁ አትጻፉ። ሞቱን ከሚናገረው የላቲን ጽሑፍ ሥር ያሉት ሰዎች ከአንድ በላይ ናቸው፣ ጥልፉም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጠግኗል። «ያሳያል» እና «ያረጋግጣል» ሁለት ቃል ናቸው።

አሁን ደግሞ ለእኛ ቅርብ በሆነ ጉዳይ ተለማመዱ። የ1868ቱ የመቅደላ ዘመቻ የብሪታንያ ታሪክም ነው፦ ጄኔራል ሮበርት ናፒየር 13,000 ያህል ወታደር፣ በአብዛኛው ከሕንድ፣ አስከትሎ በቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ከመርከብ ወረደ፤ ዝሆኖችም ነበሩት። ከዘመቻው በኋላ በጁን 1871 ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስቶን በፓርላማ ቆሞ ከመቅደላ ዘውድና ሌሎች ዕቃዎች መወሰዳቸው እንዳሳዘነው ተናገረ። የፓርላማው ቃለ ጉባኤ በኢንተርኔት በነፃ ይነበባል፤ ንግግሩን አግኙና አራቱን ደረጃዎች አስኬዱበት። መግለጫው መስመር ላይ ምን ታያላችሁ? ተናጋሪው የመንግሥት መሪ ነው፣ ሦስት ዓመት አልፏል፣ ዘመቻውን የላከው ግን የእርሱ ሳይሆን የተቃራኒው የወግ አጥባቂዎች ፓርቲ መንግሥት ነበር። ይህ የፓርቲ ፉክክር ንግግሩን ያራክሰዋል? አያራክሰውም፤ ነገር ግን «ብሪታንያውያን በዘረፋው ተጸጸቱ» የሚለውን ድምዳሜ ያጠበዋል። ለ«በዘመኑ ስለ ዘረፋው ተቃውሞ ነበር ወይ?» ግን የማይታለፍ ምንጭ ነው። ጎኑ ላይ የአለቃ ወልደ ማርያምን የቴዎድሮስ ታሪክ አድርጉና ሁለቱ ምንጮች ስለ አንድ ሳምንት ሲናገሩ እያንዳንዳቸው ምን እንደዘለሉ በሁለት ዓምድ ጻፉ። ይህን ልምምድ ወላጅና ልጅ አብረው ቢሠሩት ይመረጣል፤ አማርኛውን አንዱ፣ እንግሊዝኛውን ሌላው ያነባል።

ቁጥርና ቅጽም ምንጭ ነው። የ1911ዱን የሕዝብ ቆጠራ ውሰዱ። ቅጹ በቤቱ ስንት ክፍል እንዳለ ይጠይቅ ስለነበር የሰፈሩን ጥበት በቀጥታ ታዩበታላችሁ። ይሁን እንጂ በዚያች ሌሊት ብዙ የሴቶች ምርጫ ታጋዮች አንቆጠርም ብለው ከቤት ወጡ፤ ኤሚሊ ዴቪሰን ዌስትሚንስተር ቤተ መንግሥት ውስጥ ቁም ሣጥን ውስጥ ተደብቃ አደረች። እንግዲህ «መንግሥታዊ ቅጽ ስለሆነ አያዳላም» የሚለው ሐረግ ከደብተራችሁ ይሰረዝ። በቅጹ ላይ የሌሉት ሰዎች በምርጫቸው የጠፉ ሊሆኑ ይችላሉ።

አራተኛ፦ መንስኤን ማያያዝ

«ለምን» ለሚለው ጥያቄ ተማሪው የሚያቀርበው ዝርዝር ነው፦ አንደኛ እገሌ፣ ሁለተኛ እገሌ። ፈታኙ የሚፈልገው አንዱ ሌላውን እንዴት እንደገፋው ነው። ለመለማመድ የ1875ቱ የሕዝብ ጤና ሕግ ጥሩ ነው፤ ይህ ሕግ ንጹሕ ውሃና የቆሻሻ መውረጃ የማቅረብን ሥራ በከተሞች ላይ ግዴታ አደረገ። ስምንት ካርድ ቁረጡና አንድ አንዱን ጻፉባቸው፦

የ1831ዱ ኮሌራ፣
የቻድዊክ የ1842 ሪፖርት፣
የ1848ቱ ሕግ፣
የጆን ስኖው የ1854 የብሮድ ስትሪት ምርመራ፣
የ1858ቱ «ታላቁ ግማት»፣
የባዛልጌት የፍሳሽ ቦይ፣
የፓስተር የ1861 የጀርም ንድፈ ሐሳብ (በሽታን በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተሕዋስያን ያመጣሉ የሚለው)፣
የ1867ቱ የምርጫ ሕግ።

ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ በትኑ። በመጀመሪያው ዙር በጊዜ ቅደም ተከተል ደርድሯቸው። በሁለተኛው ዙር በዘርፍ ለዩአቸው፦ ግለሰብ፣ ሳይንስ፣ መንግሥት፣ አጋጣሚ። በሦስተኛው ዙር ሁለት ሁለቱን አንሡና «ይህ ባይኖር ያ ይሆን ነበር?» ብላችሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር መልሱ። ሥራው ያለው በሦስተኛው ዙር ነው፣ ስለዚህ 15 ደቂቃውን ለእርሱ ተዉ።

እነሆ ሁለት ካርድ የሚያመጣው። ስኖው በሶሆ የሞቱትን በካርታ ላይ አስቀምጦ ኮሌራ ከውኃ ጉድጓዱ ፓምፕ እንደመጣ አሳየ፤ እጀታው በሴፕቴምበር 8 ቀን 1854 ተነቀለ። ተማሪ ሁሉ «ኮሌራውም ቆመ» ብሎ ይጨርሳል። ወረርሽኙ ግን ሰዎች ከሰፈሩ በመሸሻቸው እጀታው ከመነቀሉ በፊት መቀነስ ጀምሮ ነበር፤ ስኖው ራሱ ይህን አልሸሸገም። ባለሥልጣናቱም ወዲያው አላመኑትም። የለንደን ትልቁ የፍሳሽ ቦይ እንዲሠራ የተፈቀደው ከአራት ዓመት በኋላ የቴምዝ ወንዝ በበጋው ሙቀት ገምቶ የፓርላማ አባላትን ሲያስቸግር ነው፤ እነርሱም በሽታን የሚያመጣው መጥፎ አየር ነው ብለው ያምኑ ስለነበር ግማቱ ራሱ አስፈራቸው። በተሳሳተ ምክንያት ትክክለኛ ሥራ ተሠራ። ይህን የጻፈ ተማሪ ሳይንስና መንግሥት ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ አሳይቷል፤ አራት ስም የደረደረው ግን አራት ስም ደርድሯል።

ለከፍተኛው ነጥብ የሚያበቃው ማሰሪያ በ1867ቱ ካርድ ላይ ነው። የፓስተር ግኝት ክርክሩን አሸናፊ አደረገው፤ ግን ዕውቀት ብቻውን ሕግ አያወጣም። በ1867 የከተማ ሠራተኛ ወንዶች ብዙዎቹ ድምፅ አገኙ፤ ከዚያ ወዲህ በቆሻሻ መካከል የሚኖረው ሰው መራጭ ሆነ፣ ፓርቲዎችም ሊያባብሉት ግድ ሆነባቸው። ስለዚህ «ጀርም ምን መደረግ እንዳለበት ነገረ፣ ድምፅ እንዲደረግ አስገደደ» የሚል ፍርድ መስጠት ይቻላል። በዚህ የማይስማማ ተማሪ ሌላ ፍርድ ይስጥ፤ ያለ ፍርድ «ሁሉም ምክንያቶች አስፈላጊ ነበሩ» ብሎ መዝጋት ግን መልሱን ከላይኛው ደረጃ ያወርደዋል።

አምስተኛ፦ ትርጓሜና አንድምታ

ትርጓሜ የሚባለው በኋላ የመጣ ሰው ታሪኩን ያየበት መንገድ ነው፤ ከምንጭ ጋር አታምታቱት። መነሻ የሚሆን ጉዳይ፦ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ ጦር አዛዥ የነበረው ጄኔራል ሄግና በፈረንሳይ የተደረገው የሶም ጦርነት። ጁላይ 1 ቀን 1916 ብቻ በብሪታንያ ወገን 57,470 ሰው ሞቶ፣ ቆስሎ ወይም ጠፍቶ ተመዘገበ፤ ከእነዚህ 19,240ው ሞቱ። በ1960ዎቹ ጎልቶ የወጣው አመለካከት ጀግና ወታደሮች በደነዝ አዛዦች ተመሩ የሚል ነበር። ከ1980ዎቹ ወዲህ ግን ብዙ የታሪክ ሰዎች ሠራዊቱ ከሶም ተምሮ በ1918 ከኦገስት 8 እስከ ኖቬምበር 11 በተደረገው ዘመቻ ማሸነፉን አጉልተው ጻፉ።

ልምምዱ ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ትርጓሜ ሦስት መስመር ጻፉ። ምን ይላል? የትኛውን ማስረጃ መረጠ? ለምን ያንን መረጠ? የመጀመሪያው የአንድ ቀን ሞት ቆጠረ፣ ሁለተኛው የሁለት ዓመት ውጤት ለካ። ልዩነቱ አንዱ ስለዋሸ አይደለም፤ የጠየቁት ጥያቄ ስለተለየ ነው። የአንድምታ ትርጓሜ የሰሙ ልጆች «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» ሲባል ያውቃሉ፤ እዚያ ትርጓሜዎቹ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ፈተናው ግን እዚያ አያቆምም፤ ሁለቱን ካቆማችሁ በኋላ የቱ በተሻለ ማስረጃ እንደቆመ መፍረድ አለባችሁ።

ስድስተኛ፦ በሰዓት መጻፍና ራስን ማረም

የኤኪውኤ አንድ ወረቀት 84 ነጥብ በ2 ሰዓት ነው፤ ለአንድ ነጥብ ከ1 ደቂቃ ተኩል ትንሽ ያነሰ ጊዜ ይደርሳል። ስለዚህ የ8 ነጥቡን ጥያቄ በ11 ደቂቃ፣ ለአጻጻፍና ለሥርዓተ ነጥብ 4 ነጥብ የተጨመረበትን የ16 ነጥብ ድርሰት በ28 ደቂቃ ውስጥ ጨርሱ። በሌላ ቦርድ ከሆናችሁ ደቂቃውን በነጥቡ አካፍላችሁ የራሳችሁን ሠንጠረዥ ሥሩ፣ ደብተሩ ሽፋን ላይም ለጥፉት።

ከ28ቱ ደቂቃ 4ቱ ለዕቅድ ነው። ዕቅዱ አራት መስመር ይሁን፦ ፍርዴ፣ ምክንያት አንድ፣ ምክንያት ሁለት፣ ተቃራኒው ሐሳብ። ፍርዱን በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ አስቀምጡት። እስከ መጨረሻ ደብቆ የሚያቆይ ተማሪ ሰዓቱ ሲያልቅ ፍርዱን ሳይጽፍ ይነሣል፤ የፈተናው ክፍል ውስጥ በብዛት የሚሆነውም ይህ ነው።

ሲጨርሱ ማረም። ሦስቱን ቀለም አንሡ። ትክክለኛ ዝርዝር፣ ማለትም ስም፣ ዓመትና ቁጥር፣ በሰማያዊ፤ «ይህም ያስከተለው» የሚል ማብራሪያ በአረንጓዴ፤ ፍርድ በቀይ። ገጹ ሰማያዊ ብቻ ከሆነ ተርካችኋል። አረንጓዴ ብቻ ከሆነ ያለ ማስረጃ ተናግራችኋል። ቀዩ በመጨረሻው መስመር ላይ ብቻ ከታየ ፍርዱ ተለጥፏል እንጂ አልተገነባም። ከዚያ ነጥብ አሰጣጥ መመሪያውን አውጡና ደረጃውን ስጡ፤ ፈታኙ የሚመዝነው የመልሱን ጥራት በደረጃ ነው፣ ስንት ነገር እንዳነሣችሁ አይቆጥርም። በማግስቱ ሙሉ ድርሰቱን ሳይሆን ደካማውን አንድ አንቀጽ ብቻ መልሳችሁ ጻፉ።

ሰባተኛ፦ ቤት ውስጥ አማርኛ፣ ፈተና ላይ እንግሊዝኛ

ዕቅዱን በአማርኛ ማሰብ ጥቅም አለው፤ ሐሳቡ ቶሎ ይመጣል። ነገር ግን አንዳንድ ቃላት ሲተረጎሙ ነገር ያጠፋሉ። «መንግሥት» በአማርኛ ዘውዱንም፣ ካቢኔውንም፣ አገሪቱንም ይችላል። በ1640ዎቹ ግን ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስና ፓርላማው ጦር ተማዘው ነበር፤ «መንግሥት ተዋጋ» ካላችሁ የማን ጦር እንደሆነ ጠፋ። ዘውድ፣ ሚኒስትሮችና ፓርላማ ብላችሁ ለዩ።

«ጳጳስ» ደግሞ በእኛ አነጋገር ለሮሙም ለማንኛውም ሊቀ ጳጳስ ይነገራል። በሄንሪ ስምንተኛ ርዕስ ላይ ይህ ትልቅ ስሕተት ያመጣል፤ በ1534 ንጉሡ የካደው የሮሙን ሥልጣን ነው እንጂ የእንግሊዝ ጳጳሳት በቦታቸው ቀጥለዋል። «ፕሮቴስታንት» ሲባልም አዲስ አበባ ውስጥ የምናውቀውን ጸሎት ቤት አታስቡ። የኤልሳቤጥ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስም ነበራት፣ የክህነት ልብስም፣ የታተመ የጸሎት መጽሐፍም፤ ይህን ያልለየ ተማሪ ፒዩሪታኖች፣ ማለትም ቤተ ክርስቲያኗ ከካቶሊክ ልማድ ፈጽማ እንድትጸዳ የፈለጉት ፕሮቴስታንቶች፣ ለምን እንዳጉረመረሙ ሊያብራራ አይችልም።

ለእነዚህ ቃላት ከደብተሩ ጀርባ አንድ ገጽ ለዩ። በግራ የአማርኛው ቃል፣ በመሐል በፈተናው የሚገኙት ሁለት ወይም ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት፣ በቀኝ ደግሞ እያንዳንዱ የሚሠራበት ዓመትና ምሳሌ ይግባ። በየርዕሱ 10 ቃል ይበቃል። ገጹን ከካርዶቹ ጋር በ7ኛውና በ21ኛው ቀን መልሱት።